ከዜሮ በታች ያሉ ክፍሎች

በዚያ በረዶ በበዛበት ወቅት ሥራዬ ለትምህርቶች ቁጥር መስጠት ነበር። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ባለ አንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ በሬጅስትራሩ ቢሮ፣ መስኮት አጠገብ አንዲት ጠረጴዛ ተሰጥታኝ ነበር። ኮሌጁ አዲስ የኮምፒዩተር ሲስተም እያስገባ ነው። ሲስተሙም ከኮሌጅ በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ትምህርት፣ ለንባቡም ለጽሑፉም ለሒሳቡም፣ አንድ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ የሚናገረው ትምህርቱ ከኮሌጅ ስንት እርከን ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ነው። ኮሌጁ ራሱ ዜሮ ነው። ለኮሌጅ አንድ እርከን ብቻ የቀረው ትምህርት አንድ ይባላል፤ ከእሱ ዝቅ የሚለው ሁለት፤ እንዲህ እያለ እስከ አራት ይወርዳል። አራት ላይ ገና ፊደል የሚለዩ ሰዎች አሉ።

እኔ ከእነዚህ ትምህርቶች አንዱንም ተቀምጬ አልተማርሁም። እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከማሽን መመሪያዎችና ከቤተ መጻሕፍት ከተዋስኋቸው መጻሕፍት ነው። ስለዚህ የሌሎችን ሰዎች መንገድ በወረቀት ላይ ስከተል ሄጄበት የማላውቀውን አገር ካርታ የማይ ይመስለኝ ነበር። የየትምህርቱን ይዘት ቀስ ብዬ አነባለሁ። አንድ አንቀጽ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ ማግኘት፤ ይህ ሦስት ነው። ጸሐፊው በግልጽ ያልጻፈውን መረዳት፤ ሁለት። ሁለት ጸሐፊዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የት ላይ እንደሚለያዩ መናገር፤ አንድ። አንዳንዱ ትምህርት ግን በሁለትና በሦስት መካከል ይንሳፈፍና አልቀመጥ ይለኛል። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ስካይዌዩን አያለሁ። ስካይዌይ የሚሉት ሁለት ሕንፃዎችን ከመንገዱ በላይ የሚያገናኝ የመስታወት መተላለፊያ ነው። በረዶው ሲወርድ ሰዎች ኮታቸውን በክንዳቸው ይዘው በአየር መካከል ያልፋሉ። በረዶው እነሱ ዘንድ ሲደርስ ትንሽ ቆም ብሎ የት እንዳሉ ጠይቋቸው ወደ ታች የሚቀጥል ይመስለኛል።

«አሁንስ የት ደረስህ?» ትለኛለች አለቃዬ፣ ሻይዋን ካልቀዘቀዘ የማትጠጣ ረጅም የሚኒሶታ ሴት።

«ሁለትና ሦስት መካከል ነኝ።»

«እዚያ ሰው አይኖርም። አንዱን ምረጥ።»

መረጥሁ። ቁጥሮቹ ለመስከረም በወጣው የትምህርት መርሐ ግብር ላይ ከየትምህርቱ ስም ጎን ታተሙ። ለኮምፒዩተሩ እንጂ ለሰው የተጻፉ ስላልመሰለን ማንም ያያቸዋል ብለን አላሰብንም።

በዓመቱ፣ በመጋቢት፣ በረዶው መሟሟት ሲጀምር ከተማውን ጉም ዋጠው። ከወንዙ ማዶ ወደ መሃል ከተማ የሚወስደን የጠዋት አውቶቡስ በደመና ውስጥ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ የሚሲሲፒን ድልድይ የምናውቀው የጎማው ድምፅ ሲለወጥ ብቻ ነው። ከፊት፣ ፊት ለፊት በሚተያዩት ወንበሮች ላይ፣ ሁልጊዜ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው በኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ሰው ሳይተርብ ከአውቶቡስ የማይወርድ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሦስተኛዋ እትዬ የምላቸው የአሥመራ ሴት ናቸው።

እትዬ በአማርኛ የተማሩ ናቸው፤ ትግርኛቸው ግን ከአማርኛቸው ሥር እንደ ገበር ይታያል። ወጣትነታቸው ያለፈው አሥመራ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያጥቡና ፋሻ ሲጠቀልሉ ነው። እዚህ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ይሠራሉ። አረጋውያኑን ማንሳት፣ ማጠብና ማልበስ ይፈቀድላቸዋል፤ ቁስል መንካት ግን አይፈቀድላቸውም። «ነርሷ የሽማግሌውን እግር ስታሽግ አጠገቧ እቆማለሁ» ብለውኛል አንድ ጊዜ። «ጣቶቼ ኪሴ ውስጥ አብረዋት ይጠቀልላሉ።» ኮሌጃችን በየመስከረሙ የሚጀምረው የነርስነት ሥልጠና ውስጥ መግባት ነበር ምኞታቸው። ሥልጠናው የንባብ ትምህርቶቹን የጨረሰ ሰው ይቀበላል። ሱፐርቫይዘራቸውም ዘንድሮ ከገቡ ሺፍታቸውን እንደምታስተካክልላቸው ቃል ገብታላቸዋለች፤ ለከርሞ ግን ጡረታ ትወጣለች።

«ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» አላቸው የፓርኪንጉ ሰው ያን ጠዋት።

«ሁለተኛን ልጨርስ ነው» አሉ ቀና ብለው። «አንደኛን ከገና በፊት ፓስ አደረግኩ፤ ሕምባሻዬን በልተህ የለ?»

«እሰይ! እንግዲህ ደብተርሽን በላስቲክ ሸፍኚ። ሁለተኛ ክፍል ቀልድ የለም።»

«አንተ አፍህን ሸፍን! ልጄም እንዳንተው ናት። ሦስተኛ ክፍል ናትና 'እማዬ፣ እበልጥሻለሁ' ትለኛለች፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ቆይ፣ በሰመር እይዛታለሁ።»

«ሁለተኛው ይከብዳል?» አለ ሰውዬው።

«ኧረ ምን ይከብዳል! ያስለቀሰኝ አንደኛው ነው። ሁለተኛው እንደ ውኃ ነው የሚወርደው። ትምህርት እንዲህ ነው፤ መሠረቱን ከያዝከው ላይኛው ይቀልልሃል። አስተማሪዋ እንኳን ገርሟት 'ይህ ክፍል አይቀልሽም ወይ?' ትለኛለች። 'እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም!' እላታለሁ።»

 ከአንደኛው የንባብ ትምህርት ጎን አንድ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ከሁለተኛውም ጎን ሁለት ያልሁት እኔው ነኝ። እኛ ሁላችን ከአንደኛ ክፍል ተነሥተን ወደ ላይ የወጣን ሰዎች ነን። ወደ ታች የሚቆጥር ትምህርት ቤት አይተን አናውቅም። ምዝገባው በስልክ ነው፤ ቁጥር ሲጫኑ የተቀዳች ሴት «ተመዝግበዋል» ትላለች፣ ለምን ብላ አትጠይቅም።

«ነርስነቱስ?» አለ ሰውዬው።

«ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ሦስትና አራት እየቀሩኝ በየት በኩል?» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ዘንድሮ አልፎኛል። ለከርሞ የሚሆነውን እሱ ያውቃል።»

እዚያው ልናገር አልቻልሁም። የሰውዬው ምላስ አጠገባችን ተቀምጧል፤ አውቶቡሱ በሙሉ ያንን ሕምባሻ ቆርሷል። ወርደን ሕንፃው ውስጥ ገብተን ስካይዌዩ መካከል እስክንደርስ አብሬያቸው ሄድሁ። ጉሙ ከግራና ከቀኝ መስታወቱን ሸፍኖታል። ከእግራችን በታች መንገድ ይኑር አይኑር አይታይም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«አንተም ትናገራለህ እንዴ? እንግዲህ በረዶው የሚጠፋ ከዛሬ ነው። ተናገር፣ ወደይ።» ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው።

ስለ አንቀጹ፣ ስለ ዋናው ሐሳብ፣ ስለ ሁለቱ ጸሐፊዎች በሥርዓት ላስረዳቸው አስቤ ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ።

«ቁጥሩ ያለፉት አይደለም» አልሁ። «የቀረዎት ነው።»

«የቀረኝ?»

«አንድ ማለት ለኮሌጅ አንድ ቀረ ማለት ነው። እሱን ደግሞ ጨርሰዋል።»

«ታዲያ ሁለት?»

ወደ ታች አየሁ። እሳቸውም ተከትለውኝ አዩ።

«ዋይ ኣነ!» አሉ በቀስታ። «ሦስትንም ብወስድ? አራትንም?»

«ከአራት በታች የለም።»

«ፊደል ልቆጥር ነበራ!» ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አደረጉ፤ ትንፋሻቸው ትንሽ ክብ ሠራ። ከዚያ ድንገት ዞሩ። «ማነው እንዲህ አድርጎ የቆጠረው?»

«አቆጣጠሩ የመጣው ከላይ ነው። ቁጥሩን የጻፍሁት ግን እኔ ነኝ።»

«አንተ!» በቦርሳቸው ትከሻዬን መቱኝ። «አንተ ዝምተኛ! ሕምባሻዬን በልተህ!» እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልለየሁም፤ ምናልባት ሁለቱንም ነበር።

«ማመልከቻውን አሁን ሄደን እንሙላ» አልኋቸው።

«የለም። ጥሪ ሊጀመር ነው። የጀመርኩትን ክፍል ትቼ አላውቅም።» ነጠላቸውን ከኮታቸው በላይ አስተካክለው ወደ ሁለተኛ ክፍላቸው ሄዱ። ጉም ውስጥ የገቡ ያህል ከዓይኔ ጠፉ።

ያን ቀን ወደ ቢሯችን አልመጡም። በማግስቱም አውቶቡሱ ላይ ወንበራቸው ባዶ ነበር። «ሁለተኛ ክፍልን ፎረፈች» አለ የፓርኪንጉ ሰው፤ አልሳቅሁም። እንዳፈሩ ገባኝ። ሰው ተራራ ወጣሁ ብሎ ሸለቆ ውስጥ ራሱን ሲያገኝ ወደ ሰው ፊት ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ማመልከቻ መቀበያው ሳጥን ግን ጊዜ የለውም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አለቃዬ አንሥታው ትሄዳለች።

ዓርብ የቢሮው በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። ሳጥኑ ሊነሣ ሲል ባንኮኒው ላይ ሁለት እጆች አረፉ። እትዬ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ጫማቸው በቀለጠ በረዶ ርሶ ቆመዋል።

«ትናንት ሱፐርቫይዘሬ ጋ ሄጄ ነበር» አሉኝ። «'እርግጠኛ ነሽ?' አለችኝ። 'አንድ ዝምተኛ ልጅ ነግሮኛል፤ እሱ በከንቱ አፉን አይከፍትም' አልኳት። ሺፍቴን ልትለውጥልኝ ነው።»

አለቃዬ ስክሪኑን አየች። «ንባብ አንድ፤ አልፈዋል» አለች። ቀጥላም ቅንድቧን አነሣች። «ታዲያ ሁለት ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«በእኛ አገር ከአንድ ይጀመራል» አልሁ እኔ።

«የት ይደርሳል?»

«አሥራ ሁለት።»

የቀዘቀዘ ሻይዋን ወደ ጎን አድርጋ ማመልከቻውን ተቀበለችና ሳጥኑ ውስጥ ከላይ አስቀመጠችው። እትዬ ሁለተኛውንም ክፍል እስከ መጨረሻው ቀን ተማሩና ለአስተማሪዋ ሕምባሻ ይዘውላት ሄዱ።

መስከረም ሲመጣ ጉም አልነበረም። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ያበራል።

«እህስ፣ ስንተኛ ክፍል ገባሽ?» አለ የፓርኪንጉ ሰው።

«ዜሮ!» አሉ እትዬ፣ ሾፌሩ እስኪዞር ድረስ።

ሰውዬው የሚተርበው ፈልጎ አጣ። «ዜሮ? ወረድሽ ማለት ነው?»

«አንተ ገና አራት ይቀርሃል» አሉትና ከቦርሳቸው አንድ ጥቅል ፋሻ አወጡ። «ወደይ፣ እጅህን አምጣ። የቤት ሥራ አለብኝ።»

እጄን ሰጠኋቸው። አውቶቡሱ እየተናጠ፣ የሜፕል ዛፎቹ ቢጫና ቀይ ሆነው በመስኮቱ እያለፉ፣ ጣቶቻቸው በአውራ ጣቴና በአንጓዬ ዙሪያ ሳያዩ ሄዱና ተመለሱ፤ ፋሻው ሳይጠብቅ፣ ሳይላላ። አሁንም በክፍል የምትበልጣቸው ልጃቸው ብቻ እንደሆነች ነገሩኝ፤ አራተኛ ክፍል ገብታለች፣ ዜሮ የሚባል ክፍል የለም እያለች ትከራከራቸዋለች።

ፋሻውን ሳልፈታ ቢሮ ገባሁ።

«ተጎዳህ እንዴ?» አለች አለቃዬ።

«የለም» አልሁ። «ትምህርት ተጀምሯል።»

ቀኑን ሙሉ በዚያ እጅ ጻፍሁ።