ፕላስቲክ የለበሰው የቦርድ ወረቀት

ባለቤቴ ከጦር ሜዳ የተመለሰው በአንድ እግሩ ነው። ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር የሕክምና ቦርዱ ጉዳቱን መስክሮ ማህተም ያደረገበት ወረቀት ነበር። ጡረታው የሚፈቀደው በዚያ ነው፤ እሱ አንድ ነገር ቢሆን እንኳ ለእኔና ለልጆቹ የሚተርፈው በዚያው ነው።

የተከራየነው ቤት አቃቂ በሰቃ፣ ወንዙ አጠገብ ነው። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ውሃ ያዝላል። ወረቀቱን መጀመሪያ ፍራሽ ሥር፣ ቀጥሎ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደበቅሁት። አንድ ቀን ጠርዙ ሻግቶ አገኘሁትና ደንግጬ ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥሁ፤ ላሚኔት አስደረግሁት። የጋብቻ ወረቀታችንንና የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬትም ጨመርሁ። ሲያብረቀርቁ ሳይ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ጡረታ ቢሮ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የቦርዱን ወረቀት አገላብጣ ፕላስቲኩን በጥፍሯ ጫር አደረገችው።

«እናቴ፣ ይሄን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ። እርጥበት እንዳይነካው ብዬ።»

«እኛ ጀርባው ላይ እንጽፍበታለን፤ ማህተሙንም እንመረምራለን። እንዲህ ሆኖ አልቀበልም።»

«ልላጠው?»

«ኧረ እንዳይነኩት! ቀለሙ አብሮ ይነሣል። ቦርዱ ሌላ ይጻፍልዎት። ባለቤትዎ ግን ራሳቸው መቅረብ አለባቸው።»

ያስጨነቀኝ ይሄኛው ነው። ባለቤቴ ከመጣ ጀምሮ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ሰው እንዲያየው አይፈልግም።

ቤት ገብቼ ዓይኑን ሳላይ ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ የጋብቻ ወረቀቱን አነሣና ሳቁ አመለጠው።

«ይሄንንም? ከእንግዲህ መፋታት የለማ!»

«አትቀልድ፤ ጡረታህን እኮ አበላሸሁት።»

«እኔንስ ምነው ፕላስቲክ ሳታለብሺኝ ቀረሽ? ዝናቡ እኔንም ይመታኛል።»

ሰኞ ጠዋት ወጣን። ታክሲ ተራ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ቆሞ አረፈ። ልደግፍህ ስለው «አንቺ ወረቀቱን ያዢ» አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያየን መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ሄድሁ፤ እሱ ግን ክራንቹን እያየ ነበር የሚራመደው።

ቦርዱ ያለበት ኮሪደር ላይ አንድ እጁ የተቆረጠ ሰው አግዳሚው ላይ ጠጋ አለለት።

«ና ቁጭ በል ጓዴ። እግር አላሠራህም እንዴ?»

«ማን ይሠራልኛል?»

«ይሠራል እንጂ! ሄደህ መለካት ነው። የእኔ ጎረቤት አሠርቶ አሁን ኳስ ካልዳኘሁ እያለ አስቸገረን።»

ባለቤቴ ሳቀ። ተራው እስኪደርስ ሁለቱ ስለ ቦታው፣ ስለ ልኬቱ፣ ስለ ማመልከቻው ሲያወሩ እኔ አዳመጥሁ። እንዲህ ሲያወራ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

የቦርዱ ጸሐፊ ፋይሉን አገኘው፤ አዲስ ወረቀት ተጻፈልን። በማግስቱ ጡረታ ቢሮ ይዘነው ስንሄድ ልጅቷ ጀርባው ላይ መዝግባ ፋይሉ ተሟልቷል አለችን።

«ውሳኔው ሲመጣ እንደውላለን። የማንን ስልክ ልጻፍ?»

የእኔን ልነግራት አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞኝ የራሱን ነገራት።

የደወሉለት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያን ቀን እግሩን ሊለካ ብቻውን ሄዶ ነበር። ወሬውን ከመንገድ ደውሎ ነገረኝ። የመኪና ጥሩምባ እየበዛበት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተፈቀደ!» አለኝ። «ታክሲው መጣ፣ ልሳፈር» ብሎ ዘጋው።