ውሃ ከልካይዋ

የፔርሙዝ ክዳን ሲከፈት የምታሰማት ድምፅ አለች። መጀመሪያ ጠበቅ ብላ ትንቀጫረራለች፣ ቀጥሎ የታፈነው እንፋሎት «ፍስስ» ይላል፣ ወዲያው የሞቀ የአጃ አጥሚት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ሌላው ሰው ይሄኔ ምራቁን ይውጥ ይሆናል። እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ነው የምለው። ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎም፣ በሽተኛ ልጠይቅ ገብቼ ያቺ ድምፅ ከተሰማችኝ «ቆይ፤ ማን ሊጠጣው ነው?» ሳልል አልቀርም። መካነ ሰላም ላይ ይህን ጠባዬን የማያውቅ የለም። ስገባ ፔርሙዛቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ሴቶች አሉ። ይሸፍኑ። ነርስ እንዳልመስልሽ፣ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። «ውሃ ከልካይዋ» ብለው ያወጡልኝ ስም ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ስሙ የወጣልኝ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ ያኔ ሪያድ፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ቤት ውስጥ ያለነው አባቴና እኔ ብቻ ነን። አባቴ የከብት ደላላ ነበር፤ ድምፁ ከገበያው ዳር እስከ ዳር የሚሰማ፣ ሻጩንም ገዢውንም እያሳቀ የሚያስማማ ሰው። አንድ የገበያ ቀን ማለዳ፣ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ ማስታጠቢያው ከእጁ ወድቆ ሲንኳኳ ሰማሁ። ስወጣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አፉ ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቀኝ እጁ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል። «አባ፣ ምን ሆንክ?» አልኩት። የመለሰልኝ ነገር ቃል አልነበረም።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አጥር ነበር የሚለየን። ባዶ እግሯን ሮጣ መጣችና «መጋኛ ነው፤ ወንድሜን መጋኛ መታብኝ» እያለች ደረቷን ትደቃ ጀመር። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አንዱ ይታጠንለት ይላል፣ አንዱ ከላላ ወረዳ አንድ አዋቂ አለ፣ በቅሎ ይጫን ይላል። እነሱ ሲመካከሩ እኔ ወጥቼ ባጃጅ ጠራሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም።

ሆስፒታል ሐኪሙ «ስትሮክ ነው፤ ግፊቱ ነው ያመጣባቸው» አለን። አባቴ ግፊት እንዳለበት እንኳ አናውቅም ነበር። ሐኪሙ ወደ ሌላ በሽተኛ አለፈ፤ ከኛ ጋር የቀረችው ነርሷ ናት። ሁሉም ሰው ሲስተር ነው የሚላት። የአቀስታ ልጅ ናት፤ አነጋገሯ እንደ አገሯ ብርድ ነው ይሏት ነበር፣ እውነትም ነው። ከመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ አልጋው ላይ አርፏል፣ ክፍሉ በረኪና በረኪና ይላል። አባቴን በትራስ ደግፋ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው። በሻይ ማንኪያ ጠብታ ውሃ ምላሱ ላይ አድርጋ፣ ጉሮሮውን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ ጠበቀች። አባቴ ሳለ። «አ ይበሉ እስቲ» አለችው። የወጣው ድምፅ ውስጡ ውሃ የሚንተከተክ ነበር።

ማንኪያውን አስቀመጠች። «ጉሮሯቸው ለጊዜው መዝጋት አቅቶታል። በአፍ የገባ ነገር ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። ምግባቸው በአፍንጫ ቱቦ ይሆናል። በአፍ ጠብታ ውሃ እንኳ አይሰጥም።» ቀጥላም «አስታማሚው ማነው?» አለች።

አክስቴ እያለቀሰች «እኔ» አለች።

ሲስተር ወደኔ ዞረች። «አንቺስ ታለቅሻለሽ?»

«አላለቅስም።»

«እንግዲያው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማረችኝ። ወገቡና ተረከዙ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደማገላብጠው፣ የደከመውን እጁን በትራስ እንዴት እንደማስደግፍ፣ በምንም ምክንያት በዚያ እጁ ይዤ እንዳልጎትተው። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት አለብኝ። «ስታወሪያቸው በቀኛቸው በኩል ቁጭ በይ» ትለኛለች፣ «ያንን ጎናቸውን እንዳይረሱት።» እኔም በቀኙ ተቀምጬ የገበያውን ወሬ አወራዋለሁ፤ የማላውቀውን የበሬ ዋጋ እየፈጠርኩ። ዋጋው ሲበዛበት በግራ ዓይኑ ገላመጥ ያደርገኛል። ደላላው እንዳልሞተ ያወቅኩት በዚያ ነው። ሲስተር አንድ ቀን ቱቦውን እያጠበች «ይሄ አፍ ያንቺና የኔ አደራ ነው። ማንም ቢመጣ አይከፈትም» አለችኝ። ይቺን ቃል እንደ መሐላ ያዝኳት።

መሐላው ቀላል እንዳይመስልሽ። በኛ አገር በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። አጥሚቱ ይመጣል፣ ወተቱ ይመጣል፣ ማሩ ተበጥብጦ ይመጣል። ሁሉም «አላህ ያሽርህ፣ አብሽር» ብሎ ከጨረሰ በኋላ ፔርሙዙን ይከፍታል። «አንድ ጉንጭ ብቻ።» «ከንፈሩ ደርቋል እኮ፣ አይታይሽም?» አንዱ የአባቴ የገበያ ጓደኛ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» እያለ እየሳቀ እጁን ሲዘረጋ እጁን ያዝኩት፤ ትልቅ ሰውዬ ነው። «አይሆንም፤ ያንቀዋል» አልኩ። ለሁሉም አይሆንም አልኩ። ሰው በር ላይ ሲወጣ እሰማለሁ፦ «ለጠላት እንኳ ውሃ አይከለከልም።» «አባቷን በጥም ልትጨርሰው ነው።» «ስድ ናት፣ እናት የሌለበት ቤት።» ውሃ ከልካይዋ የተባልኩት ያኔ ነው። ስድ መባል ሳንባ ውስጥ አይገባም። ችዬው ቆምኩ።

የከበደኝ ሼኹ የመጡ ቀን ነው። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከሐጅ ያመጧትን የዘምዘም ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይቺስ ዘምዘም ናት» አሉኝ። የመጣው ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነው። «አባ ሼኽ፣ አንቱን እምቢ ማለት ያስፈራኛል። ግን መዋጥ አይችልም፤ ሳንባው ነው የሚገባው» አልኳቸው። አባቴን አዩት። ኋላ ጣታቸውን ነከር አድርገው ግንባሩን አበሱት፣ ዱዓ አደረጉ፣ ጠርሙሷንም ለኔ ሰጡኝ። ሲወጡ ለሰዎቹ «አማና፣ አደራ ተጥሎባታል፤ ልጂቱን ተዋት» አሉ።

ሼኹ ሲተዉኝ አክስቴ አልተወችኝም። ሪያድ ደውላ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ ስልኩ ውስጥ እያለቀሰች «ውሃ ከለከለችው አሉኝ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው» አልኩ፣ የሲስተርን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

ለቅሶዋን አቆመች። «እኔ የማስታምማት አሮጊትም እንደሱ ናት» አለች። «ውሃዋን እንኳ በዱቄት አወፍሬ ነው የምሰጣት። እንዳትሰጪው ልጄ። ማንም ይቆጣ፤ እንዳትሰጪው።» እናቴ የሰው እናት ጉሮሮ ስትጠብቅ፣ የባሏን እኔ እጠብቅላታለሁ። ያን ቀን ከሲስተር ተደብቄ ትንሽ አለቀስኩ።

ከዚያ የፈራሁት ሆነ። እኩለ ቀን ላይ አንሶላውን ላጥብ ጓሮ ወጥቼ ስመለስ፣ ከኮሪደሩ ያቺን ድምፅ ሰማኋት። ፍስስ። ሮጬ ገባሁ። አባቴ በጀርባው ተኝቷል፤ አክስቴ ጭንቅላቱን በክንዷ ይዛ በማንኪያ አጥሚት ታጠጣዋለች። «ብላ ወንድምዬ፣ ብላ እህት ትሙትልህ» ትለዋለች። አባቴ ይስላል፣ ዓይኑ ሊወጣ ደርሷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ጮህኩ። ሲስተር ደርሳ በጎኑ ገልብጣ የገባውን በማሽን ሳበችለት፤ የዚያ ማሽን ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማታውን ትኩሳት ያዘው፣ ለሳምንት ያህል ከሞት ጋር ታገለ።

እኔ ያኔውኑ ፔርሙዙን አንስቼ ግቢው አፈር ላይ ደፋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስላት የኖርኩትን ሴት ሰው በተሰበሰበበት «ውጪ። ሁለተኛ እዚህ አልጋ አጠገብ እንዳላይሽ» አልኳት። ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ወጣች። ሽማግሌዎች መጥተው ጉልበቷን ስመሽ ታረቂ አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብላ አክስቴ ላከችብኝ። ይምከረኝ አልኩ። ከፍቅር እንዳደረገችው አውቃለሁ፤ ያን አጥሚት ማለዳ ተነስታ ራሷ ናት የሠራችው። ቢሆንም ያ ቀን ቢመለስ ያልኳትን ደግሜ እላታለሁ።

አልሐምዱሊላህ፣ አባቴ ተረፈ። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ቆይቶም ቱቦው ወጣ። ሲስተር ወፈር ያለ ገንፎ በማንኪያ ጫፍ ይዛ «አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ ያድርጉ። አሁን ይዋጡ። ደግመው ይዋጡ። አ ይበሉ» አለችው። «አ» አለ፤ የገበያው ድምፅ አይደለም፣ ግን ጥርት ያለች ነበረች። ያቺ ብርዳም ሴት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ቤት ስንገባ ሌላ ጣጣ መጣ። ቀኝ እጁ አልተመለሰም፤ በግራው ደግሞ አልበላም አለ። ማንኪያውን ግራ እጁ ላይ ሳስይዘው ጥሎ ይጨብጣል። በግራ የሚበላ ሸይጧን ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ሼኹ መጥተው «ዑዝር አለብህ፤ ሕመም ምክንያት ነው፣ ጌታም ያውቃል፣ ብላ» አሉት። አልሰማም። ከኔ እጅ ብቻ ይበላል፤ ሰው ሲመጣ ያንንም ይተዋል። አንድ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ቆሜ «እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ማን ሊያበላህ ነው? ጦምህን ልትውል ነው?» ብዬ ተቆጣሁት። እንባው መጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ግራ እጅ አላነሳሁበትም።

የዒድ ቀን ቤታችን በሰው ሞላ። አክስቴ ለወንድሟ ብላ መጣች፤ ጥግ ተቀመጠች፤ አልተሳለምንም። ትሪው ቀረበ። እንደ ልማዴ ላጎርሰው እጄን ስዘረጋ ገፋ አደረገኝ። ግራ እጁን ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብሎ አወጣ። እንጀራውን ለመቁረስ ታገለ፣ ወጡ በጣቶቹ መሐል ይፈሳል፣ ሰው ሁሉ መብላት አቁሟል። በመጨረሻ ጠቀለላትና ወደ ራሱ አፍ አልወሰዳትም። ወደኔ ዘረጋት። በግራ እጁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አፌን ከፈትኩ። አንድ ያጣላል ይባል የለ፤ ለሁለተኛዋ እጁን ወደ ትሪው መለሰ፤ ግን እጁ ዝሎ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ሁላችንም ጠበቅን። አልተነሳም። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ቢቀመጥ በግራው ይበላ ነበር። ማጉረስ ግን እጁ አልደገመውም። ክረምት ሲገባ ስትሮኩ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ባጃጅ ለመጥራት እንኳ ፋታ አልሰጠኝም። እናቴ በስልክ አለቀሰች፤ ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም።

ሐዘኑ ላይ እህል አልቀምስም አልኩ። በየተራ መጥተው «አንድ ጉርሻ ብቻ» ይሉኛል፤ ለሁሉም አይሆንም እላለሁ፤ ልምዱ አለኝ። «ውሃ ከልካይዋ ለራሷም ከለከለች» ሲሉ ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። ከሆስፒታሉ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ታጥባ መጥታ ፊቴ ቁጭ አለች። ደህናውን ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በግራዋ እንጀራ ትቆርስ ጀመር። ሴቶቹ አጉረመረሙ። ዞራም አላየቻቸው።

«ወንድሜ አንዷን ብቻ አጉርሶሽ ነው የሄደው» አለችኝ። «አንድ ያጣላል።»

ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋችው። አፌን ከፈትኩላት። ጉሮሮዬ በእንባ ተዘግቶ አልወርድ ሲለኝ፣ ሲስተር እንዳስተማረችን አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አደረግኩ። ዋጥኩ። ደግሜ ዋጥኩ።