ለማትበላው ወጥ

እትዬ ፈለቀች ዕድሜያቸውን የፈጁት አቃቂ ውስጥ በአንድ የክር ፋብሪካ በር ላይ ሴት ሠራተኞችን ሲፈትሹ ነው። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም ፍተሻው ጡረታ አልወጣም። ወተት ሲገዙ ውኃ፣ ቅቤ ሲገዙ ሙዝ ይፈልጉበታል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴም ያገኙ ነበር።

የገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላቸው ደግሞ ባሰባቸው። አቃቂ ሳሉ ጎረቤታቸውን እስከ ዘር ማንዘሩ ያውቁታል፤ እዚህ ጎረቤትም በዕጣ ሆነ። ፊት ለፊታቸው የገባችው ሐጀራ የምትባል፣ ባሏ የጭነት መኪና የሚነዳ የወሎ ሴት ናት። ሰላምታዋ ረጅም ነው፤ እሱም ራሱ አልጣማቸውም።

የልጃቸው የሩት ሠርግ ሲቃረብ ሐጀራ በትንሽ ብልቃጥ ቀይ ዱቄት ይዛ አንኳኳች።

«እትዬ፣ ለሠርጉ ወጥ ጣል ያድርጉበት። ምድጃ ላይ በጭስ የደረቀ በርበሬ ነው። ኃይለኛ ስለሆነ በትንሹ ነው።»

አመስግነው ተቀበሉና በሩን ቆለፉ። ሐጀራ ሙስሊም ናት፤ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። ታዲያ የማትቀምሰውን ወጥ ማጣፈጥ ምን አስጨነቃት? እንግዳው ሆዱን ይዞ ቢወጣ ስሙ የሚጠፋው የማን ነው? የሩት አማቾች እንደሆኑ ለወሬ አንደኛ ናቸው።

ፍተሻው ተጀመረ። ሸክላ ተፈጭቶ ገብቶበት እንደሆነ ይዘቅጣል ብለው ብርጭቆ ውኃ ላይ በተኑት፤ አልዘቀጠም። የጋለ መጥበሻ ላይ ጣሉት፤ ቤቱን በሙሉ አስነጠሰ። ሩት እየሳለች መስኮት ከፈተች።

«እማዬ፣ ለምን አትቀምሺውም?»

«ፈታሽ አይቀምስም» አሏት።

ጭሱስ? ከተቃጠለ መጋዘን የወጣ ቢሆንስ? እንደገና ውኃ፣ እንደገና መጥበሻ። ብልቃጡ ሥር የጥፍር ያህል ሲቀር ነው በጣታቸው ነክተው የቀመሱት።

መጀመሪያ የምድጃ ዳር ጭስ ብቻ ነበር። ከዚያ ምላሳቸው ነደደ፣ ጆሯቸው ጋለ፣ ዕንባቸው ወረደ። ውኃ ቢጠጡበት ባሰ። ቃጠሎው ሲበርድ ግን አፋቸው ውስጥ የቀረው ጣዕም ሌላ ነው። እንዲህ ያለ በርበሬ ቀምሰው አያውቁም። የሩት ሠርግ ያለዚህ አይሆንም ብለው ብልቃጡን ይዘው የሐጀራን በር አንኳኩ።

«ትንሽ ጨምሪልኝ፤ እገዛሻለሁ።»

ሐጀራ ብልቃጡን አየች። «ሌላ የለኝም፣ እትዬ። እናቴ ነበረች የምታዘጋጀው። እዚህ ሳንገባ ሞተች፤ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። እኔ ሥጋውን አልበላ፣ እንግዲያው የእሷ እጅ ይግባበት ብዬ ነው።»

እትዬ ፈለቀች አፈሩ። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ አልሆነላቸውም።

«ፈተሽኩት» አሉ።

«ምን አገኙ?»

«ምንም።»

ሐጀራ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ያን ቀን ሰላምታዋ አጠረ፤ እትዬ ፈለቀችም ያ ሲያማርሩት የነበረ ረጅም ሰላምታ ናፈቃቸው።

በድግሱ ዋዜማ፣ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ሥጋው ሳይገባ፣ ከትልቁ ድስት ቀንሰው በአዲስ ድስት ለብቻው አስቀመጡ። ብልቃጡን ገልብጠው የቀረችውን አራገፉበትና ሐጀራን ጠሩ።

«ሥጋ አልነካውም። ድስቱም አዲስ ነው። ከፈለግሽ ማማሰያውንም እይው፤ ፈትሺኝ።»

ሐጀራ ማማሰያውን አላየችም። ድስቱንም አላገላበጠችም። እንጀራ ቆርሳ ጠቀሰችና ጎረሰች።