ድርጭት የተሣለባቸው ሲኒዎች

ባለቤቴ እነዚያን የሻይ ሲኒዎች የገዛቻቸው እዚሁ ባሕር ማዶ በምንኖርበት ሰፈር በሆልምሊያ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። የሸጡላት አሮጊት «ሲኒው የጥንት ነው፤ የተሠራው አውሮፓ፣ ሥዕሉ ግን ከጃፓን የተቀዳ» አሏት። ስስ ነጭ ፖርሴሊን ላይ ሁለት ድርጭቶች፣ ከላያቸው ቀይ አበባ ያለው ቅርንጫፍ፣ አፉ ዙሪያውን ወርቅ ቅብ። ድርጭቶቹን ወደ በሩ አዙራ ቡፌው ውስጥ ደረደረቻቸው።

«ለእንግዳ ነው» አለች።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አንዱ ሕፃን ይዟል፣ የሌላው እጅ ይንቀጠቀጣል። ሁሌም የምታወጣው ያንኑ ተራ ብርጭቆ ነበር። አንድ ቀን በሽቄ ቡፌውን ስከፍት እጄን መታ አደረገችኝና «አንተ ደግሞ እንግዳ ነህ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ዘንድሮ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ አረፈች። ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ፤ ብርጭቆ አለቀ። ጎረቤታችን፣ ኤርትራዊቷ እማማ፣ እኔን ሳይጠይቁ ቡፌውን ከፈቱ። «ይተዉት!» ልል ስል ሲኒዎቹን አውጥተው መደርደር ጀምረዋል። ሰው ሁሉ በእነዚያ ሲኒዎች ሻዩን ጠጣ። አንድም አልተሰበረም። ታዲያ ያ ሁሉ ስስት ለምን ነበር? ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

እማማ የመጨረሻውን ሲኒ ሞልተው «እንካ ልጄ፣ ጉሮሮህን አርጥብ» አሉኝ።

እጄን ዘረጋሁ። መታ እስክታደርገኝ ጠበቅኩ።