ያልተለበጠው መዳብ

በደብረ ኤልያስ የመሪጌታ ዘማርያምን ቅኔ ቤት የማያውቅ አልነበረም። ልጃቸውን የኔአለምን ግን ከቅኔው ይልቅ ፊዚክስ ነጠቃቸው። በ1988 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ አዲስ አበባ ገባች፤ ከዚያም ሕንድ አገር ሄዳ ዶክትሬቷን ሠራች። የያዘችው ጥናት፣ ኒኬልን የመሰለ መግነጢስ የሚሆን ማዕድን ከፀጉር በሺህ እጅ እስኪቀጥን ድረስ ሲለበጥ ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ መመርመር ነበር።

በ2002 ተመልሳ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ስትጀምር ቤተ ሙከራ ተብሎ በተሰጣት ክፍል ውስጥ የነበረው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው። ልባጥ የሚሠራው ማሽን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ባልደረቦቿ በኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ ጥናት እንድትይዝ መከሯት። እሷ ግን ኒኬልን በመዳብ ላይ በኤሌክትሪክ መለበጥ እንደሚቻል ታውቃለች፤ ለዚህ የኒኬል ጨው፣ የተጣራ ውሃና ባትሪ ይበቃል።

“ማሽኑ እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም” አለቻቸው።

መለኪያውንም ራሷ ሠራችው። የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር እየጠመጠመ የሚያድረው አስማማው የሚባል የከተማው ባለሙያ፣ ኃይለኛ መግነጢስ የሚሆን ሽቦ ጠመጠመላት። ይህ ዕቃ ምን እንደሚፈጭ ጠይቋት ምንም እንደማይፈጭ ስትነግረው ግር ቢለውም፣ ሥራውን አላቃለለባትም፤ ሦስት ቀን ጠምጥሞ አንዲት ዙር አላጎደለም። የተለበጠውን መዳብ በዘንግ ጫፍ ላይ ለጥፋ፣ ዘንጉን ከአሮጌ የሬዲዮ ስፒከር ጋር አያይዛ በመግነጢሱ መካከል ታንቀጠቅጠዋለች፤ የልባጡን ኃይል የመለኪያው መርፌ ይነግራታል።

በ2004 ውጤት አገኘች። ልባጡ በሳሳ ቁጥር፣ ከመጠኑ አንጻር መግነጢሳዊ ብርታቱ ይጨምራል። ጽሑፏን አንድ የውጭ መጽሔት ተቀበለው፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ለማዕረግ ዕድገቷ ማመልከቻውን አዘጋጀ።

በዚያው ሳምንት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ ሔዋን፣ እጇን ለማፍታታት ብላ ምንም ያልተለበጠ መዳብ ለካች። መዳብ መግነጢስ አይሆንም፤ መርፌው ግን ተነሣ። ሔዋን ጥፋቱ የእሷ መስሏት ይቅርታ ጠየቀች። የኔአለም ራሷ ለካችው፤ ተነሣ። ከሌላ ጥቅል አዲስ መዳብ ቆርጣ ደገመች፤ አሁንም ተነሣ። መዳቡ ብቻውን መርፌውን ካስነሣው እስካሁን የለካችው ሁሉ አይታመንም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የልኬት መዝገቧን ከመጀመሪያው ገጽ ታገላብጥ ጀመር።

ኃላፊው ነገሩን ሲሰማ ዝም እንድትል መከራት። ጽሑፉ አንዴ አልፏል፤ ማንም አያየውም አላት።

“እኔ አይቼዋለሁ” አለችው። በማግሥቱ ለመጽሔቱ ጽፋ ጽሑፏን አስመለሰች፤ ዕድገቱም አብሮ ቀረ።

ቅዳሜ ደብረ ኤልያስ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ለአባቷ ነገረቻቸው። መሪጌታ ስለ ኒኬል የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ግን ጣልቃ ሳይገቡ አዳመጧት።

“ቤት የመታ ሁሉ ቅኔ አይደለም” አሏት በመጨረሻ። “ምሥጢር የሌለውን ባለቤቱ ካላፈረሰው ጉባኤው ያፈርሰዋል። አንቺ ቀድመሽ አፈረስሽው። እንግዲህ ሌላ ቅኔ ቁጠሪ።”

“እቆጥራለሁ አባባ። መጀመሪያ ግን ስሕተቱ በየት እንደገባ ላግኘው።”

ፍለጋው አራት ወር ፈጀ። መዳቡን የምታጥብበትን ውሃ ለወጠች፣ ዘንጉን ለወጠች፣ ማጣበቂያውን ሳይቀር ለወጠች። አንድ ከሰዓት በኋላ መዳቡን ስታነሣ እጇን አየችው፤ የያዘችበት ወረንጦ የብረት ነው። በቆነጠጠ ቁጥር ጠርዙ ላይ በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ ይተዋል። ብናኙ በወፍራሙም በስሱም ልባጥ ላይ ያው ነው፤ ልባጡ ሲሳሳ ግን የብናኙ ድርሻ ይገንናል። ስሱ ልባጥ የበረታ የመሰለው ለዚህ ኖሯል። ከቀርቀሃ ወረንጦ ጠርባ፣ አዲስ መዳብ ቆርጣ ለካች። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ሔዋንን ጠርታ አሳየቻት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ በኋላ አርባ ሦስት ልባጥ እንደ አዲስ ሠርተው ለኩ። ልባጡ ሲሳሳ አይበረታም፤ ከተወሰነ ስስነት በታች ግን የመግነጢሱ አቅጣጫ ከተጋደመበት ቀና ይላል። ይህ ከመጀመሪያው ያነሰ ወሬ ነው፤ ግን የሚጸና ነው። በ2006 ታተመ። ስለ ወረንጦው የጻፈችውን አንቀጽ ያነበቡ ተመራማሪዎች ከሦስት አገር ጻፉላት፤ አንደኛው የራሱን የሁለት ዓመት ልኬት እንደገና ሊጀምር መሆኑን ነገራት። በቀጣዩ ዓመት ዕድገቷን አገኘች።

በ2010 ሔዋን ራሷ መምህር ሆና፣ እዚያው ደብረ ማርቆስ በተደረገ አንድ ጉባኤ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ከየኔአለም ቁጥሮች አንዱን ተጠራጠረችው። የኔአለም መነጽሯን አውልቃ፣ “እንሂድና እንለካው” አለቻት። ስብሰባው ሲበተን ሁለቱ ቤተ ሙከራ ገብተው እስከ ሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ለኩ።

ቁጥሩ ልክ ነበር።