የደበቅኩት መርዶ

አንጀቴ ቶሎ ይባባል። ይህን እንደ ጽድቅ የምቆጥርበት ጊዜ ነበር፤ አሁን እፈራዋለሁ።

የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ተስማምተን፣ በየወሩ በማርያም ዕለት ጳውሎስ አካባቢ ካለ ሆስፒታል ጠያቂ የሌለው በሽተኛ እየፈለግን ምግብ እናደርስ ነበር። እሷን ያገኘኋት እዚያ ነው። ከፍቼ ማዶ ካለ ገጠር የመጣች፣ ጭኗ ተሰብሮ እግሯ በክብደት ተወጥሮ የተኛች ሴት ናት። ወንድሟ እርሻውን ጥሎ ስለመጣ አስተኝቷት ተመልሷል። ሌሎቹ በወር አንዴ ሲሄዱ እኔ በየቀኑ መመላለስ ጀመርኩ። ከአልጋዋ መነሣት ስለማትችል ስልኳን ሳይቀር ቤቴ ወስጄ ቻርጅ አደርግላት ነበር።

አንድ ቀን ስልኩ እኔ ቤት እያለ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

«እናታችን ትናንት ዐረፈች» አለኝ። «የእህቴ እግር ሳይድን እንዳይነግሩብኝ፣ አደራ። አገሯ ስትገባ እኛው እናረዳታለን።»

ትክክል መሰለኝ። መርዶ ለብቻዋ ለተኛች ሰው አይነገርም። ማልዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዛት ባለበት ነው የሚነገረው። ይህን የማያውቅ የለም።

በማግስቱ ስልኳን ስመልስላት «ከቤት ተደወለ እንዴ፣ እትዬ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ደህና ናቸው» ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሆዴ ባብቶ ጨመርኩበት። «እናትሽ ራሳቸው አናገሩኝ። አይዞሽ፣ በደንብ ብዪ ብለውሻል።»

አየችኝ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ናፍቆት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንዴት ያለሁ አጽናኝ ነኝ! ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቀኝም የእናቷን ሰላምታ አቀርብላት ጀመር። አንዱን ቀን መርቀውሻል፣ ሌላውን ቀን ጤፉ አምሯል ብለዋል። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እየሰማሁ ያደግኩት ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ ስፈጥር ትንሽ እንኳ አልከበደኝም።

የወጣች ዕለት አዲሱ ገበያ ድረስ ሸኘኋት። ክራንቿን ተቀብዬ ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ እናቴ መቼ ነው ያረፈችው?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«እናቴ እኮ ጆሮዋ መስማት ካቆመ ስንት ዘመኑ። በስልክ አውርታ አታውቅም። ያን ዕለት ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ሲደክሙልኝ አያለሁ። ደስ ብሎዎት ነው የሚያወሩኝ። ባለቅስ ያዝናሉ ብዬ ፈራሁ። ሲሄዱልኝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቅሳለሁ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። «ኧረ ምን በደሉኝ» አለች፤ ይህ ደግሞ የባሰ አመመኝ። አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ ደረቴ ላይ ታለቅስ ነበር። የማኅበሩን ሴቶች ሰብስቤ ማልደን ልናረዳት እንችል ነበር። ቁስቋም ወጥቼ የእናቷን የክርስትና ስም ለቄሱ ብሰጥ ፍትሐት ይደረግላቸው ነበር። ዘመድ ይሰብሰብ ስል፣ ለዚያች ሴት ዘመዷ እኔ መሆኔን አላሰብኩትም።

«አርባዋስ?» አለችኝ።

ቆጥሬ አውቀው ነበር። «ባለፈው ማክሰኞ አለፈ።»

«ማክሰኞ... መጀመሪያ በክራንች የቆምኩ ቀን?»

«አዎ።»

አንገቷን ደፋች። ሹፌሩ ሞተር አስነሣ።

«ያን ቀን ምን አምጥተውልኝ ነበር፣ እትዬ? ምን በላሁ?»

«ዶሮ ወጥ» አልኳት።