ሳይቀመስ የቀረበ እራት

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። ዘውድነሽን ግን አስሮ ያስቀራት ይኸው እሺ ነው።

እንጅባራ ውስጥ የውጭ አገር መምህራን የሚኖሩበት የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ ዘውድነሽ የዚያ ቤት ወጥ ሠሪ ናት። ሞያዋ የተመሰከረለት ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ ባለሞያ አይለቀቅም። ሰነፍ ብትሆን ኖሮ በዓል በመጣ ቁጥር ግምጃ ቤት ከተማ አባቷ ዘንድ ትገባ ነበር።

እናቷ ባለፈው ክረምት ካረፉ ወዲህ አባቷ አቶ ደጉ ብቻቸውን ናቸው። "ዘንድሮስ የገናን ጾም አብረሽኝ ፍቺ" አሏት፤ እሺ አለች። የማረፊያው ኃላፊ ምንይችል ደግሞ "እትዬ ዘውዴ፣ ለበዓል እንዳትጠፊብን" አላት፤ ለእሱም እሺ አለች። ይሉኝታ ሲይዛት አፏ ሌላ ቃል አያውቅም።

የፈረንጆቹ ገና የሚውለው እኛ ገና ጾም ላይ ሳለን ነው። እንግዶቹ በዋዜማው እያንዳንዳቸው የአገራቸውን እራት ተመኙ። ሕንዳዊው ቶማስ ዶሮ በኮኮናት ወተት አለ። ጀርመናዊው ዝይ አማረው፤ ዝይ ከየት ይመጣል? አውራ ዶሮ ተገዝቶ ሆዱ በፖም ተሞላለት። ፖላንዳዊቷ ማግዳ የጠየቀችው የቀይ ሥር ሾርባ ብቻ ነው፤ በአገሯ በዋዜማው ምሽት ሥጋ አይበላም። አንድ ትርፍ ሳህንም ገበታው ላይ አስቀመጠች፤ ከመንገድ ድንገት ለሚመጣ ሰው ነው አለች። ዘውድነሽ ሳህኑን ስታይ አባቷ ትዝ አሏት።

ያኔ ነው ተንኮሉ የመጣላት። እራቱ ከተበላሸ ምንይችል ለገና ሌላ ወጥ ሠሪ ይፈልጋል፤ እሷም አገሯ ትገባለች። "እምቢ የሚል አፍ ከሌለኝ ጨው ይናገርልኝ" አለችና በዶሮዎቹ ላይ በእፍኝ በእፍኝ ጨመረችባቸው። ሾርባውንም አልማረችውም። እራቱ ሳይቀርብ የሚያጋልጣት የለም፤ ወጥ ቤቱ ሁሉ ጿሚ፣ ምንይችልም ጿሚ፣ የሚቀምስ ማን አለ?

ከበሩ ጀርባ ቆማ አዳመጠች። ጩኸት የለም። ማንኪያው ይንቀሳቀሳል። የውሃ ጆጉ ተሞልቶ ይገባል፣ ባዶውን ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል።

"ኧረ እንዴት ወደውታል!" አለ ምንይችል ሳህኖቹን ሰብስቦ ሲመጣ። "ጠርገው ነው የበሉት።"

ማግዳ ተከትላው ገባች። ከንፈሯ ደርቋል። የዘውድነሽን ሁለት እጅ ይዛ በተሰባበረ አማርኛ፣ "አንቺ ጾም፤ አትቀምሺም። ግን ለእኛ ሠራሽ። በጣም፣ በጣም እናመሰግናለን" አለቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ዘውድነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጨዋማነቱን አውቀውታል። አውቀው፣ አፍረው፣ እሷ እንዳታፍር ብለው ውጠውታል። ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ይመስላት ነበር።

ማግዳ ወደ ምንይችል ዞረች። "በእናንተ ገና እሷ ከእኛ ጋር ቁጭ፤ አብረን መብላት። ለእሷ ክብር።"

"ምን ችግር አለው!" አለ ምንይችል። "እትዬ ዘውዴ፣ እሺ አይደል?"

ሆን ብዬ ነው ልትል አፏን ከፈተች። የሴትዮዋን የደረቀ ከንፈር አየች።

"እሺ" አለች።

በእኛ ገና ጠዋት የእንግዶቹ ዶሮ ወጥ ከምድጃ ሳይወርድ ግምጃ ቤት ደወለች። ኔትወርኩ እንደ ምንም ያዘላት። አባቷ በአውንጊ ቋንቋ፣ ቀስ ብለው፣ ምንም እንዳልተቀየመ ሰው አናገሯት።

"ዶሮዋን ጎረቤታችን በቀለች በለተችልኝ፤ ከዚያ ወዲያ እሷም የራሷ ቤት አለባት። ወጡን እኔው ሠራሁት፤ እናትሽ ስትሠራ ሳይ አይደል የኖርኩት?"

"ጣፈጠልዎ፣ አባባ?"

"እንጃ። ጨው የበዛበት መሰለኝ። ቀምሶ የሚነግረኝ ሰው የለም እንጂ።"

መስመሩ ተቋረጠ። ደግማ ብትደውል እምቢ አለ።

ምንይችል ከሳሎን ጠራት። የራሷን ወጥ በጣቷ ቀመሰች፤ ጨውም ቅመሙም ልክ ነበር። ይዛው ገባችና ለሁሉም አወጣች። ማግዳ ፈገግ ብላ ያንን ትርፍ ሳህን ከጎኗ አስቀመጠችና፣ "የአንቺ ቦታ ነው" አለቻት።

ዘውድነሽ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሰችና ማላመጥ ተወች። ሁሉም እያዩዋት ስለነበር ፈገግ ብላ ዋጠችው።